ክብሩ የገነባቸው ጉድጓዶች

ታቢታ ክብሩን ያገባችው ተራ ግንበኛ ሳለ ነው። በዚያን ሰሞን ሀዋሳ ላይ ሆቴሉም ቪላውም በየማዕዘኑ ይነሣ ስለነበር፣ እጁ ለጸዳ ግንበኛ ሥራ አይጠፋም። እሱ ግን ሰው አይቶ ከሚያደንቀው ግድግዳ ይልቅ ማንም የማያየውን ጉድጓድ መገንባት ወደደ። የባዮጋዝ ጉድጓድ አሠራር ሠልጥኖ የተመለሰ ጊዜ፣ ሰሞኑን ሁሉ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጉድጓዱ ከመሬት በታች እንደ ተደፋ ድስት ክብ ሆኖ ይገነባል። የጓዳ ትራፊው፣ የሙዝና የድንች ልጣጩ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃው፣ እበትም ከተገኘ እበቱ፣ በውኃ ተበጥብጦ ይገባበታል። እዚያ ታፍኖ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቧንቧ ምድጃ ድረስ ይሄዳል። የቀረው ዝቃጭ ደግሞ በሌላ በኩል ወጥቶ የጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል።

«ጎመኑን ትበያለሽ፣ ግንዱን ትጥያለሽ። ግንዱ እሳት ሆኖ ይመጣልሻል። የእሳቱ ትራፊ መልሶ ጎመን ያበቅልልሻል» ይላት ነበር። «የሚጣል ነገር የለም ታቢ፤ መንገዱን የሳተ ነገር ነው ያለው።»

«ሽታውስ?» ትለዋለች።

«ሽታው ለእኔ ይሁን።»

የሚኖሩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እማማ እህተማርያም ግቢ ውስጥ ነበር። እማማ እህተማርያም የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩት ባላቸው ጋር ከሰሜን መጥተው፣ እዚሁ ልጅ አሳድገው፣ እዚሁ ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ዙሪያውን የተከራይ ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት የየቤቱ ቆሻሻ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥሮ በሩ ላይ ይከመራል፤ የቆሻሻ ሰብሳቢው ጋሪ ካልመጣ ዝንቡ አያስገባም አያስወጣም። ክብሩ ለጉድጓዱ ከጓሮ ባዶ ቦታ ይፍቀዱልኝ ሲላቸው መጀመሪያ ሳቁበት።

«እና እኔ ከሰው ትራፊ በወጣ እሳት የጾም ወጥ ልሠራ?»

«እማማ፣ እሳት አይጎድፍም» አላቸው ክብሩ።

ይህች ቃል ገባቻቸው መሰል፣ ፈቀዱለት። ምድጃው መጀመሪያ የተቀጣጠለ ቀን ተከራዩ ሁሉ የጋራው ማድ ቤት በር ላይ ተኮልኩሎ፣ ያንን ሰማያዊ ነበልባል አዲስ እንደ ተወለደ ልጅ ሲያየው ዋለ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ የሚከመር ነገር ጠፋ። ጓሮው በጎመን ተሸፈነ። እማማ እህተማርያምም ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ምድጃውን ራሳቸው ሠርተውት ይመስል ያሳዩ ጀመር።

ወሬው ከዚያ ግቢ ወጣ። ክብሩ በምሥራቅ፣ በመናኸሪያ፣ ከከተማው ዳርም ወደ ቱላ አቅጣጫ ለብዙ ቤት ገነባ። ሠርቶ ሲያስረክብ አንድ ነገር ሳይናገር አይሄድም። «ይህ ጉድጓድ ቤት አይደለም፤ ሰው አይገባበትም። መጠረግ ካለበት ጥሩኝ» ይላል። እሱ ራሱ ሲጠርግ ክዳኑን ከፍቶ፣ ያለውን በባልዲ ቀድቶ፣ ለቀናት አናፍሶ፣ ከዚያ አየሩን ለመፈተን ዶሮ በቅርጫት አድርጎ በገመድ ያወርድ ነበር። ዶሮዋ በሕይወት ከወጣች፣ ወገቡን በገመድ አስሮ፣ አፋፉ ላይ ሰው አቁሞ ይገባል። ታቢታ ብዙ ጊዜ ገመዱን ይዛለታለች። ዶሮዋ ግን ሁልጊዜ ክንፏን እያራገበች ትወጣ ነበር። ሁልጊዜ በደኅና የሚወጣ ነገር ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። ዓመታት ሲያልፉ መጀመሪያ ዶሮዋ ቀረች፤ ቀጥሎ የማናፈሱ ቀን አጠረ።

የሞተው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ዋዜማ ሰሞን ነው። የታቢታ እናት ከይርጋለም ለበዓሉ እንደሚመጡ ልከው ነበር፤ የግቢው ምድጃ ደግሞ አቅም ካጣ ሰንብቶ፣ ነበልባሉ ሻማ አክሏል። ከተከራዮቹ ትራፊውን ከነፌስታሉ የሚጥሉ ነበሩ። ፌስታሉና የኮባው ቃጫ ላይ ላዩን ተጣብቆ እንደ ቆዳ ስለጋገረ ጋዙ መውጫ አጥቷል።

«እናቴ መጥታ በከሰል ጭስ ላስነጥሳት ነው?» አለችው ጠዋት። እንዲያው ለወሬ ያህል ያለችው ነው።

«ከፍቼዋለሁ እኮ ትናንት። ዛሬ እሠራልሻለሁ» አላት።

ልጃቸው ሀሴት ትምህርት ቤት ነበረች። ታቢታ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች፤ ውኃው ባልዲው ላይ ይወርዳል፤ እሷም እንደ ልማዷ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ልብሱን አስጥታ ስትጨርስ ከጓሮው የባልዲም የአካፋም ድምፅ እንደማይሰማ ልብ አለች። «ክብሩ» ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ሄዳ ወደ ጉድጓዱ ብታጎነብስ፣ መሰላሉ ቆሟል፤ ክብሩ ከታች በደረቱ ተደፍቷል። የሸሚዙ ጀርባ ብቻ ይታያል።

አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ ማድረጓን ታስታውሳለች። ከዚያ ከኋላዋ ወገቧን ሁለት እጅ አንቆ ያዛት። ሶፍያ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ የምትሠራ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ተኝታ የነበረች የጎን ክፍል ተከራይ። ታቢታ ነከሰቻት፣ ቧጠጠቻት። ሶፍያ አልለቀቀችም።

«ሀሴት አለችልሽ» ትላለች ደጋግማ። «ታቢዬ፣ ሀሴት አለችልሽ።»

ከመንገድ የሮጡ ወንዶች በገመድና በቆላፋ ብረት አወጡት። አንዱ ሊገባ ሲል ሌሎቹ ያዙት። ሐኪም ቤት የወሰዱት ለይስሙላ ነው፤ ታቢታ ፊቱን ስታየው ዐውቃዋለች።

እናቷ ለበዓል የያዙትን ቅቤ ይዘው ለልቅሶ ደረሱ። የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ ዘመሩ፣ አጽናኑ፤ ቦዲቲ ያሉት የክብሩ ዘመዶች መጥተው ደረታቸውን ደቁ። እሷን ግን ከሁሉ ይልቅ አንድ ጥያቄ ያስጨንቃት ነበር። ጠርቷት ይሆን? እሷ ቧንቧ ከፍታ ስትዘምር፣ እሱ ከታች «ታቢ» ብሎ ይሆን? ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሌሊት ስትገላበጥ ያዩዋት እናቷ በሲዳምኛ ልጄ ምንድን ነው ሲሏት፣ ራሴን አሞኝ ነው ትላለች።

ሰው ከተበተነ በኋላ ጉድጓዱ ክፍቱን ቀረ። ዝናብ እንዳይገባና ልጅ እንዳይወድቅ ተብሎ ተከራዮቹ ክዳኑን መልሰው በጭቃ መረጉት። ትራፊ መጣሉ አልቆመም፤ ሌላ የት ይጣል? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታቢታ ወደ ማድ ቤቱ ገባ ብትል፣ ሶፍያ ምድጃው ላይ ድስት ጥዳለች። ሰማያዊው ነበልባል እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ይነድዳል። ታቢታ ሄዳ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ታቢዬ...» አለች ሶፍያ።

«ከየት እንደሚመጣ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ከሥራ ስገባ እግሬ አብጦ ነው፤ ከሰል ማያያዣ ጉልበት የለኝም። ምድጃው እንደሚሠራ ያወቅሁት ዛሬ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ታቢታ የሶፍያን ክንድ አየችው። የነከሰችበት ጠባሳ እስካሁን አለ። በዚያን ቀን ባትይዛት ኖሮ ከክብሩ አጠገብ ትደፋ እንደነበር ታውቃለች፤ ግን አንዳንዴ ለምን ያዝሽኝ ብላ በልቧ የምትቆጣት ጊዜ ነበር፤ ይህም ያ ጊዜ ሆነ። ድስቱን ትታላት ወጣች። ሶፍያ ያን ማታ ዳቦ በልታ ተኛች።

እማማ እህተማርያም ነገሩን ሰምተው በማግስቱ ታቢታን ጠሯት።

«ልጄ፣ ይህን ጉድጓድ ላስደፍነው ነው። ዓይንሽ እያየው እንዴት ትኖሪያለሽ? እኔም ጸሎት ላይ ስቆም እዚያው ነው የሚወስደኝ።»

ታቢታ አሳቡ ሳያምራት ሲቀር ራሷንም ገረማት። ይደፈን የምትለው እሷ መሆን ነበረባት። «እንደ ፈቀዱ እማማ» አለች።

አፈር በአህያ ጋሪ እየመጣ ተደፋበት። ግንበኞቹ ክዳኑን ሰብረው፣ ክብሩ በእጁ ያለሰለሰውን ክብ ግድግዳ በዶማ ሲንዱት፣ ታቢታ በር ዘግታ የሀሴትን ጸጉር ትሠራ ነበር። ሲጨርሱ ጓሮው ሜዳ ሆነ። ዝቃጩ ስለቀረ ጎመኑ ቀጨጨ። በሩ ላይ ከረጢቱ መልሶ ተከመረ፤ ዝንቡም መልሶ መጣ። ጠዋት ጠዋት የከሰል ማያያዣው ጭስ ከየክፍሉ ደጃፍ ይነሣል።

የክብሩ ስልክ ግን ዝም አላለም። ታቢታ ልታጠፋው አልቻለችም፤ ፎቶዎቹም የሀሴት ድምፅም ያሉት እሱ ውስጥ ነው። የደንበኞቹ ጥሪ ይመጣል። «ክብሩ፣ ምድጃችን ደከመብን»፣ «ክብሩ፣ ቧንቧው ውኃ ቋጠረ መሰለኝ።» እሷ በየጊዜው «ባለቤቱ ነኝ። አርፏል» ትላለች። ከወዲያ ማዶ እግዜር ያጽናሽ ይመጣል። እሱን እንዲህ በየጊዜው መቅበር እየመረራት እንኳ ስልኩን ከማንሳት አልቦዘነችም።

አንድ ረፋድ ላይ የደወሉት ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ድሮ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው መናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ። የክብሩን መሞት ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ። እንዴት እንደሞተ አልጠየቁም፤ እሷም አልተናገረችም።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ ሲሰናበቱ። «እኔ ዛሬ ጠዋት የጉድጓዱን ክዳን ከፍቼዋለሁ። መሰላልም አለኝ፤ ራሴው ወርጄ እጠርገዋለሁ።»

«አይግቡ!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ጋሼ፣ እንዳይገቡ፤ ክብሩ እኮ...»

ስልኩ ተዘግቷል። ብትደውል አይነሣም። እንደገና ብትደውል አይነሣም።

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ባጃጅ አስቁማ ሰፈሩን ስትነግረው ምላሷ ይተሳሰር ነበር። ቤቱን ክብሩ ሲገነባ ምሳ ይዛለት ሄዳ ታውቀዋለች። አስፋልቱ ላይ መኪና ተጨናንቆ ባጃጁ ሲቆም እሷ ወገቧን ወደ ፊት ትገፋለች፤ ባጃጁን በዚያ የምትነዳው ይመስል። ግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ ተፈራ በካናቴራ ሆነው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን መሰላሉ ላይ አሳርፈዋል። ታቢታ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«ምን ሆነሻል? ማነሽ አንቺ?»

«የክብሩ ሚስት ነኝ። ይውጡ።»

«ሴትዮ፣ ልቀቂኝ እንጂ፤ ትጥይኛለሽ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ጩኸቱን ሰምተው ከቤት ወጡ። ጋሽ ተፈራ እግራቸውን አውጥተው አፋፉ ላይ ቆሙ፤ ተቆጥተዋል። ታቢታ ተመልሰው እንዳይገቡ ብላ፣ ከነጥቁር ልብሷ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሐዘን ነው ልጄ፤ ይገባኛል» አሉ ጋሽ ተፈራ ቀዝቀዝ ብለው። «ግን ይሄ ጉድጓድ ጠዋት ነው የተከፈተው። አየር ገብቶታል። ሽታውም ያን ያህል አይደለም።»

«የኛው የተከፈተው ከአንድ ቀን በፊት ነበር» አለች። «ዶሮ አላችሁ?»

«ዶሮ?»

«ዶሮና ቅርጫት። ገመድም።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ወይዘሮ ፀሐይ ሴትዮዋን ለማብረድ ብለው ይሁን ፈርተው፣ ሄደው አንዲት ቀይ ዶሮ ይዘው መጡ። ታቢታ የዶሮዋን እግር ከቅርጫቱ ጋር አሰረች፤ ቅርጫቱን በገመድ ወደ ታች ለቀቀችው። ዶሮዋ እየጮኸች፣ ክንፏን እያማታች ወረደች። ከዚያ ጩኸቱ ተቆረጠ። እንደ ስልክ ነው የተቆረጠው፤ ያልተጨረሰ ድምፅ ነበር። ታቢታ ገመዱን ስትስበው የዶሮዋ አንገት በቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ።

ጋሽ ተፈራ ዶሮዋን ነካ አድርገው አዩአት። ሸሚዛቸውን ለበሱ። መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ባልሽም የሞተው እንዲህ ነው?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይ ቀስ ብለው።

ታቢታ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ለማንም ያላወራችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ የፍቼውን ሰሞን፣ የተናገረችውን ቃል፣ ልብሱን፣ ቧንቧውን፣ መዝሙሩን። ጋሽ ተፈራ ተነሥተው ክዳኑን ጉድጓዱ ላይ ገፉት፤ ድንጋይም ጫኑበት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ ያሰበችው ስለ ጋሽ ተፈራ አልነበረም። ስለ ዶሮዋ ድምፅ ነው። «ታቢ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ አልነበረም። አልጠራትም። ሊጠራት አልቻለም። ይህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያቃጥላት የኖረው ነገር ነበርና መልሱን ስታገኘው የምታርፍ መስሏት ነበር። ዕረፍት ግን አልመጣም፤ ስሟን እንኳ ሳይጠራ መሄዱ ሌላ ሐዘን ሆነባት። ሾፌሩ በመስታወት እያየ ሬድዮኑን ቀነሰላት።

ከዚያ በኋላ ጥሪ እስኪመጣ መጠበቅ ተወች። ክብሩ ለነማን እንደገነባ ከሞላ ጎደል ታውቅ ስለነበር፣ አንዱን ቤት ከሌላው እየጠየቀች ትሄድ ጀመር። ጋሽ ተፈራ ሲያማቸውም እንኳ አብረዋት ይሄዳሉ፤ ሰው የሽማግሌ ቃል ይሰማል ብለው። ሰው ሁሉ አልሰማም። አንዳንዱ ጉድጓዱን ከተወው ቆይቷል፤ ክዳኑ ላይ የልብስ ማጠቢያ አስቀምጧል። አንዳንዱ ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብሎ ውኃ ያቀርብላታል። አንዳንዱ ደግሞ ከልብ ይጠይቃል፤ እሷም ከላይ የሚጋግረው ቅርፊት በረጅም እንጨት ከውጭ ሆኖ እንደሚማሰል፣ ፌስታል እንዳይገባ ከጓዳው ጀምሮ መለየት እንዳለበት ታሳያለች። አዲስ ጉድጓድ የሚገነባላቸው ሰው ሲጠይቋት ግን የምትለው የላትም። ክብሩ ሥራውን ለማንም አላስተማረም።

የእማማ እህተማርያምን ግቢ የለቀቀችው በዓመቱ ነው። ማንም አላባረራትም፤ እማማም አልቅሰው ነው የሸኟት። እዚያ ሜዳ ላይ ልብስ ማስጣት አልሆነላትም። እናቷ ይርጋለም እንመለስ ብለው ለመኗት ነበር፤ የሀሴት ትምህርት እንዳይቋረጥ ብላ ቀረች። አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ከየቤቱ ቆሻሻ ከሚሰበስብ የሴቶች ማኅበር ጋር ትሠራለች። ጓንቷን አጥልቃ ትራፊውን ከፌስታሉ ትለያለች። ማኅበሩ የሚለየውን ትራፊ የሚወስድ ሰው ተገኝቶ ያውቃል፣ ጠፍቶም ያውቃል፤ ሲጠፋ ሁሉም አንድ ላይ ወደ መጣያው ይጫናል። እንዲህ ባለ ቀን ታቢታ ከሰው ጋር አታወራም። ሶፍያ አልፎ አልፎ እሑድ እየመጣች ታያታለች። ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም።

ባለፈው ክረምት፣ ቀደም ብላ ያስጠነቀቀችው አንድ ባለ ሱቅ ጋ መልሳ ሄደች። ሰውየው ገና ሲያያት ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አስፈራርተሽኝ ነበር እኮ» አላት። «ገብቼ ጠረግሁት። ትንሽ ራሴን አዞረኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም። ምድጃው አሁን እንደ አዲስ ነው፤ ግቢና እይው።»

ታቢታ አልሳቀችም። ከኋላው ካለው መጋረጃ ጀርባ የልጅ ድምፅ ይሰማል።

«ስንት ልጆች አሉህ?» አለችው።

«ሁለት። ምነው?»

«እንደገና ትገባለህ?»

«ከደከመ እገባለሁ፤ ምን ይደረጋል።»

የምትለው ሁሉ ባለፈው ጊዜ ተብሏል። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መንገዱ ወጣች፤ ባጃጅ እስኪመጣም ፊቷን ወደ ሱቁ አዙራ ቆመች።